ማኅተም ያረፈበት ፊት

ካሳ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ ጠረጴዛውን እፍ ይላል። ከዚያ በክርኑ ይወለውለዋል። ወንበሩን ስቦ እስኪቀመጥ ግን የቆቦ አቧራ ተመልሶ ተኝቶበታል። ሞባይል ጠጋኝ ነው፤ አውራ ጎዳናው ዳር ባለችው ጠባብ ሱቁ የመንገደኛው የተሰበረ ስልክ ሁሉ ይገባል፣ ይወጣል።

የቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ ሥዕል የሚሥል ማሽን ሠርቶ ነበር። ከተጣሉ የቢሮ ማተሚያዎች ሁለት ሞተር ፈትቶ ግድግዳ ላይ ግራና ቀኝ ሰቀላቸው፤ በመካከላቸው በሲባጎ እስክሪብቶ አንጠለጠለ። ኮምፒውተሩ ፎቶውን ወደ መስመር ይለውጣል፤ ሞተሮቹ ሲባጎውን እየሳቡና እየለቀቁ እስክሪብቶውን ወረቀት ላይ ያስኬዱታል። ጎረቤቱ ጨርቅ ነጋዴው ዘይኑዲን "ሸረሪቷ" ይላታል። ወልድያ ለፈጠራ ሥራ ኤግዚቢሽን ወስዷት ሳለ አንድ ኃላፊ ፊቷ ቆሞ ምን እንደምትሠራ ጠየቀው። ትሥላለች አለ።

"ሥላስ?" አለው ሰውዬው።

ካሳ ቤቱ ሲመለስ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ወረወራት፤ እዚያው ዓመታት አለፏት። ዘይኑዲን ብቻ በሱቁ ደጃፍ ሲያልፍ፣ "ካሱ፣ ሸረሪትህ ድር ማድራቱን ተወችው?" እያለ ይነካካዋል።

በ2006 ዓ.ም. የጎረቤታቸው የእትዬ አበበች ትልቋ ልጅ መሠረት በአፋር በኩል ወደ ሳዑዲ ስትሄድ ጀልባዋ ሰጠመች። በሕይወት የተረፈ የጎረቤት ከተማ የሮቢት ልጅ ደውሎ አረዳ። አስከሬን የለም። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ተይዞ ይዞራል፤ አልቃሹ ፊቱን እያየ ነው የሚያለቅሰው። የመሠረት ፎቶዎች ግን በስልኳ ውስጥ ነበሩ፤ ስልኩም አብሯት ሰጥሟል። ቤት ትታው የሄደችው የቀበሌ መታወቂያዋን ብቻ ነው። እሱንም ፎቶ ቤት ወስደው በትልቁ ሲያሳጥቡት ፊቷ ላይ ሐምራዊ ማኅተም ተንሰራፍቶ ወጣ።

ለቅሶው ለእሑድ ተቆርጦ ሳለ፣ እትዬ አበበች ታናሿን ልጃቸውን ራሔልን አስከትለው ካሳ ዘንድ መጡ።

"ካሳዬ፣ ሬሳዋን ባሕር ወሰደው፣ ፊቷን ማኅተም ወሰደው" አሉት። "ባዶ እጄን ልውጣ?"

ካሳ ከረጢቱን አወረደ። ሲባጎውን አይጥ በልቶታል፤ አንዱ ሞተር ዝጎ አልዞርም ብሏል። ሲባጎውን በናይለን ክር ተካ፣ ሞተሩን ፈትቶ በነጭ ጋዝ አጠበ። ዘይኑዲን ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ወረቀቱን ወጠረለት፤ ያን ቀን አልቀለደም። የመጀመሪያው መስመር ተንሻፈፈ፣ ሁለተኛው ቀና።

ጭንቁ ማኅተሙ ነበር። ኮምፒውተሩ ማኅተምና ፊት አይለይም፤ ካሳ የማኅተሙን ክብ ሲያጠፋ ዓይኖቿም አብረው ጠፉ። ከአገጭ እስከ ጉንጭ መሠረት ናት፣ ከጉንጭ በላይ ባዶ ወረቀት። ቅዳሜ ጠዋት ራሔል መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ እናቷ አልቆ እንደሆነ እይ ብለው ልከዋት ነው። ጥቂት ታገሺ አላት። ከሰዓት በኋላ ሸረሪቷ ፊቱን ከነዓይኑ ሥላ ጨረሰች።

እትዬ አበበች መጥተው ሥዕሉን አዩት።

"እሷ ናት" አሉ። "ስትቀየመኝ እንዲህ ነበር የምታየኝ።"

እሑድ ራሔል ሥዕሉን ደረቷ ላይ ይዛ በአልቃሹ መካከል ዞረች። ሰው ሥዕሉን እያየ መሠረትን በስሟ ጠራ፣ ደረቱን መታ።

ከዚያ ወዲህ ሸረሪቷ ሥራ ፈትታ አታውቅም። ከዋጃም ከሮቢትም መታወቂያ ይዘው ይመጣሉ፤ ማኅተም ያረፈበት፣ ላብ ያደበዘዘው፣ ሁሉም የልጅ ፊት። ካሳ ተማሪ ሳለ የሚመኘው የአገሩን ልጆች መልክ በትልቁ ሥሎ አደባባይ ማውጣት ነበር።

"ይኸው ወጡ" አለኝ።

ታሪኩን ልጻፈው ስለው እሺ አለ፤ አንድ ነገር ብቻ ተይልኝ አለኝ። እናትየው ከሰሙ ሥዕሉን ከግድግዳቸው ያወርዱታል፣ በቁም ላለ ሰውም ሟርት ነው ብሎ ነው። ያን ቅዳሜ ጠዋት ራሔል አግዳሚው ላይ አቀርቅራ ስታለቅስ፣ የጠገነውን ስልክ ካሜራ የሚሞክር መስሎ ቀና በይ አላትና ፎቶ አነሳት። ሥዕሉ ላይ ያሉት ዓይኖች የራሔል ናቸው።