ያልተነበበው አራተኛ ገጽ

ባሕር ዳር ፍርድ ቤት ደጅ፣ ከዘንባባዎቹ ሥር፣ አምስት አቤቱታ ጸሐፊዎች አሉ። ከአምስቱ በጣም ቀርፋፋው አንዳርጋቸው ነው። እኔ ወለላ እባላለሁ። አጠገቡ ባለችው ጠባብ ክፍል ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ይዤ የእሱን የእጅ ጽሑፍ እየተየብሁ ስለምኖር፣ ቀርፋፋነቱ የሚጎዳው እኔን ነው።

የሚያዘገየው የራሱ ሕግ ነው። ጽፎ ለባለጉዳዩ ያነብለታል፤ ከዚያ ወረቀቱን ይገለብጥና "አሁን እርስዎ ይንገሩኝ፤ ምን ይላል?" ይላል። ሰውየው በራሱ አፍ ካልተናገረ አሻራ የለም። አንዲት የሐሙሲት ሴትዮ አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው ብላ ወረቀቱን ከእጁ ነጥቃ ሄዳለች። እኔም "ጸሐፊ ነህ ወይስ ፈታኝ?" እያልሁ እነዘንዘው ነበር። እሱ ግን ይስቃል።

ድሮ አዲስ አበባ፣ ለኩባንያዎች በሚቆም ትልቅ የጥብቅና ድርጅት ውስጥ ጠበቃ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ለምን ፈቃዱን መልሶ እናቱ ቤት እንደገባ ሲጠየቅ ግን "ሆድ ይፍጀው" ነው መልሱ። ሰክሮ ተባርሮ ነው ያልን ብዙ ነን። እኔም ብያለሁ።

ባለፈው ጥቅምት አያ ነስረዲን መጡ። ከከተማው ወጣ ብሎ በሐይቁ ዳር ጀልባ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አባታቸውም እዚያው ሲሠሩ ነው ያረጁት።

"አንድ ኩባንያ ቦታችንን ሊያጥረው ነው" አሉ። "በአሻራችሁ ለቃችኋል ይሉናል። እኛ የፈቀድነው መንገድ እንዲያሳልፉ ነው፤ እንዲያ ተብሎ ነው የተነበበልን።"

የውሉን ቅጂ ከፌስታል አውጥተው ሰጡት። አንዳርጋቸው ከመጀመሪያው አልጀመረም፤ በቀጥታ አራተኛውን ገጽ ገለጠ። "ነገ ይምጡ አባቴ" ብሎ ተነሥቶ ሄደ።

በማግሥቱ አልመጣም፤ በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። አያ ነስረዲን ግን ሁለቱንም ቀን ባዶ ወንበሩ ፊት ተቀምጠው ዋሉ፤ ሲመጣ ወረቀቱን ገልብጦ "ምን ይላል?" እንደሚላቸውም ነገርኋቸው። ለፍርድ ቤት ቀጠሯቸው አራት ቀን ነበር የቀረው። እኔ በንዴት ቤቱ ድረስ ሄድሁ፤ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

"ውሉን ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ" አለኝ። "ስምንት ዓመት ሆነው። ያን ጊዜ ክራባት አስሬ፣ ጺሜን ተላጭቼ ነበር፤ አሁን አላወቁኝም።"

"ውሸት አነበብህላቸው?"

"አንዲት ቃል አልዋሸሁም። አራተኛውን ገጽ ዘለልሁት። አለቃዬ 'ረዥም ነው፣ ሽማግሌዎቹን አታድክማቸው' አለኝ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ቦታው የሚለቀቀው በዚያ ገጽ ነው። አሻራውን የሚቀበለው ሹም 'ተነብቦላችኋል?' ሲላቸው ዞረው እኔን አዩኝ። ራሴን ነቀነቅሁላቸው። 'አዎ' አሉ።"

"እንግዲያ ይኸን ለዳኛው ተናገራ።"

"የደንበኛ ምስጢር ነው፣ ወለላ። ፈቃዴ እንዲመለስልኝ ካመለከትሁ ወር አልሞላኝም። ከተናገርሁ መቼም አላገኘውም፤ ሊከሱኝም ይችላሉ።"

ተናደድሁበት፤ አሳዘነኝም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ስምንት ዓመት ግን ብዙ ማደር ነው። "እኒያ ሽማግሌ ወንበርህን እየጠበቁ ነው" ብዬው ተመለስሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ስደርስ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ከአቤቱታው ጋር የሚያያዝ የራሱን የምስክርነት ቃል ጽፎ ሰጠኝ። ሁለት ጊዜ አበላሽቼ በሦስተኛው ተየብሁለት። አያ ነስረዲን ሲመጡ ከፊታቸው ቆሞ፣ ስሙን፣ የነበረበትን ድርጅትና ቀኑን ሳይቀር፣ ከላይ እስከ ታች አነበበላቸው።

ሽማግሌው ዘንጋቸውን አጥብቀው ያዙ። ይመቱታል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ሊፈርም እስክሪብቶውን ሲያነሣ እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ገለበጡት።

"አሁን አንተ ንገረኝ" አሉት። "ምን ይላል?"

"ከላይ በተጠቀሰው ቀን ውሉ ሲፈጸም..." ብሎ ጀመረ።

"እንደ ወረቀቱ አይደለም። በራስህ አፍ።"

አንዳርጋቸው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ጎልማሳ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

"አመናችሁኝ" አለ። "አራተኛውን ገጽ አውቄ ዘለልሁባችሁ። ቦታችሁን ያስወሰድሁት እኔ ነኝ።"

አያ ነስረዲን ወረቀቱን መልሰው ወደ ፊቱ አዞሩለት።

"ፈርም" አሉት።

ፈረመ። ሦስት ቅጂ አውጥቼ፣ ሰፍቼ ለሽማግሌው ሰጠኋቸው። ማንበብ አይችሉም። ግን ከወንበሩ ከመነሣታቸው በፊት፣ አንዳርጋቸው እያያቸው፣ ገጾቹን አንድ በአንድ እየገለጡ ቆጠሩ።