የገዲሴ እናት ሁለቴ አትሞትም

መካኒሳ ውስጥ ጆንያ የተቀደደበት እህል ነጋዴ ወደ ገዲሴ ነው የሚልከው። ጋሪው ደጇ ላይ ክምሩን አራግፎ ይሄዳል፤ እሷ ወፍራሙን መርፌ ይዛ ስትጠቅም ትውላለች። የጆንያው ብናኝ አፍንጫዋን ስለዘጋው ሁልጊዜ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነበር የምትናገረው። መናገሩንም ብዙ አትወደውም። ስብሰባ ላይ ስሟ ሲጠራ "አቤት" ማለት ያሳፍራትና እጇን ብቻ ብቅ አድርጋ ትመልሳለች።

የተወለደችው ከጌዶ ማዶ ነው። አዲስ አበባ የመጣችው በንጉሡ ጊዜ፣ ገና ልጅ ሆና፣ አክስቷን ተከትላ ነው። አክስቷ ስትሞትባት ወጋየሁን አገባች። ወጋየሁ የአንድ ፋብሪካ ዘበኛ ነበር። ክፉ ሰው ነው የሚል አልነበረም፤ አይማታም፣ አይሳደብም። ካርታ ግን ይወዳል። ልጅ አልሰጣቸውም። ለገዲሴ በዚህ ዓለም የቀረቻት አገር ቤት ያለችው እናቷ ሞልቱ ብቻ ነበረች። ወንድሞቿ አንድ በአንድ አልቀው ነበር።

ካርታው የሚጫወቱት እትዬ ገበያነሽ ጠጅ ቤት ነበር። ቁማሩ እየባሰ ሲሄድ፣ ደመወዙን እዚያ ጥሎ የሚገባ ባል ሲበዛ፣ የቀበሌው ሸንጎ ደንብ ላውጣ ብሎ ተሰበሰበ። ይኼ በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ሁለት እሑድ ተከራከሩ። ኮንከር የሚባለው የካርታ ጨዋታ ለገንዘብ ሲሆን ቁማር ነው፣ ለጠጅ ሲሆንስ? አንዱ ለጠጅ ከሆነ መዝናናት ነው አለ። ሌላው ጠጁም በገንዘብ ነው የሚገዛው አለ። ሊቀመንበሩ አባይነህ ቁማር የቡርዧ በሽታ ነው ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ተጨበጨበለት። በመጠጥ ቤት ካርታ መጫወት ክልክል ሆነ። አብዮት ጠባቂዎች ጠጅ ቤቱን ፈትሸው ካርታውን ሰብስበው ሄዱ።

ሰው ግን ካርታ መጫወቱን አልተወም። ቦታ ነበር ያጣው። በዚያ ላይ ሰዓት እላፊ አለ፤ ካመሸ በኋላ መንገድ ላይ መገኘት ጣጣ ነው። መብራት አብርቶ እስኪነጋ ድረስ ቢቀመጥ ማንም የማይጠይቀው ሰው አንድ ብቻ ነበር፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ያለ ሰው። ድንኳን ውስጥ የሚያድሩ ወንዶች እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ካርታ መጫወታቸው የኖረ ነገር ነው፤ ቁማር የሚለውም የለም። እና ያን ዓመት ለቅሶ ተወደደ። ሰው ሞተ ሲባል ከብስራተ ገብርኤል ድረስ ማንም የማያውቃቸው ሰዎች ጋቢ ደርበው ይመጡ ነበር። የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ደስ የሚላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ለመናገር ይቀፍፋል እንጂ እውነት ነው።

ክረምት ላይ ደግሞ ሞት ጠፋ።

አንድ ንጋት የገዲሴ በር ተንኳኳ። ጎረቤቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ወጋየሁ ከኋላቸው መሬት መሬቱን ያያል። ከጌዶ መጣን ያሉ ሁለት ሰዎች እናቷ መሞቷን፣ ከተቀበረችም መሰንበቷን ተናገሩ። ገዲሴ ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙውን አታስታውሰውም። ፊቷን ነጨች፣ ፀጉሯን ተላጨች፣ ከል ለበሰች። እድሩ ድንኳኑን ተከለ፣ ወንበሩን አመጣ፣ ለወላጅ የሚሰጠውን ገንዘብ ለወጋየሁ ቆጥሮ ሰጠ። ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳኑ ጢም ብሎ ነበር። ሊቀመንበሩ አባይነህ እንኳ ሳይቀር መጥቶ አደረ። ከውስጥ ሆና ሳቃቸውን ትሰማለች፣ ግን ሰው ሐዘንተኛን ለማጽናናት ይስቃል። እንዲያውም እናቴ ይህን ያህል ሰው አላት እያለች ነበር የምትጽናናው። በሦስተኛው ቀን እየዞረች የሁሉንም ጉልበት ስማ አመሰገነች።

ጌዶ ሄዳ መቃብሩን ማየት ፈልጋ ነበር። ወጋየሁ ክረምቱ ድልድዩን ወስዶታል፣ ለተዝካሯ እንሄዳለን አላት። ተዝካሩ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ምክንያት አገኘ።

ጥቅምት ገብቶ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገዲሴ ደጇ ላይ ጆንያ ስትጠቅም ከመንገዱ ጫፍ ለቅሶ ሰማች። አንዲት አሮጊት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በኦሮምኛ "ወዮ ልጄን" እያለች ትመጣለች። መንገደኛው ቆሞ አሳለፋት፤ ለቅሶ ደራሽ እንዲህ ነው የሚመጣው፣ ከሩቅ ጀምሮ። ገዲሴ ዘግይታ የሰማች ዘመድ መሰለቻት። መርፌዋን ጆንያው ላይ ሰክታ፣ ወገቧን ታጥቃ፣ እሷም እያለቀሰች ልትቀበላት ወጣች። ተቃቅፈው አብረው አለቀሱ። ትንሽ እንደቆዩ ገዲሴ ያቀፈችውን ትከሻ በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ አንገቷ ሥር አሸተተቻት። ማልቀሷን አቋረጠች።

የያዘችው እናቷን ነበር።

ሞልቱ ግን አላቋረጠችም፤ ለማን እንደሆነ ሳታውቅ ታለቅሳለች። ከአዲስ አበባ የተመለሰ ነጋዴ ጌዶ ገበያ ላይ አግኝቷት ልጅሽ ፀጉሯን ተላጭታ ከል ለብሳለች ብሏታል። ማን እንደሞተባት አላወቀም። እሷም ፍየሏን ሸጣ ልጇን ልታጽናና መጣች።

"ሳልሰማ ማን ሞተብሽ?" አለቻት። "ባልሽ ነው?"

"አንቺ ነሽ፣ ሃርሜ፣ እናቴ" አለች ገዲሴ።

ሞልቱ መጀመሪያ የልጇ አእምሮ የተነካ መስሏት ግንባሯን ዳበሰቻት። ጎረቤቶቹ ወጥተው ሞልቱን ሲያዩና ሲያማትቡ ነው ነገሩ የገባት።

ማታ ወጋየሁ ከሥራ ገባ። አማቱን መደቡ ላይ ተቀምጣ አያት። በሩ ላይ ለአፍታ ቆመና ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ፤ እንኳን ደህና መጡ አላት፣ በተሰባበረ ኦሮምኛ የአገር ቤቱን ዝናብ ጠየቃት። ገዲሴ ወደ ጓሮ ወጥታ አፏን ደጋግማ ታጠበች።

በኋላ ስታፋጥጠው አልካደም። የቁማር ዕዳ ነበረበት፤ አበዳሪዎቹ ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ ድንኳኑን ነው የፈለጉት፤ መርዶ ነጋሪዎቹም የእነሱው ሰዎች ናቸው። ሊቀመንበሩም ያውቃል። "እሷ ሩቅ ናት፣ አትሰማም ብዬ ነው" አላት። "ደግሞስ አንድ ቀን መሞቷ ይቀራል እንዴ?" ይህን ሲላት እራቱን እየበላ ነበር። ገዲሴ ጉንጩ ሲያላምጥ ታየዋለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሱ ጋር ከአንድ ትሪ አልበላችም።

ሞልቱ ወደ አገሯ አልተመለሰችም። ጉልበቷ አልቋል፣ እዚያ የሚጠብቃት ሰው የለም፤ ልጄ እጅ ላይ ልሙት አለች። ገዲሴን ጭንቅ የያዛት ይኼኔ ነው። የእድሩ ደንብ ለአንድ ወላጅ አንድ ጊዜ ነው። ለሞልቱ ተለቅሶላታል፣ ተከፍሎላታል። ነገ በእውነት ብትሞት ጥሩምባ አይነፋላትም፣ ጉድጓድ የሚቆፍርላት የለም፣ ቃሬዛዋን የሚሸከም የለም። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሮበሌ ዘንድ ሄዳ እናቴን ከሕያዋን ጋር መልሱልኝ አለችው። ጋሽ ሮበሌ ደግ ነው፣ ግን ፈሪ ነው። አዘነላት፣ ውሃ አጠጣት፣ ሸንጎው በቁማሩና በሐሰት ለቅሶው ላይ ደንብ ሊያወጣ ስለሆነ እዚያ ይታይልሻል ብሎ ሸኛት።

የሸንጎው ቀን አዳራሹ በር ላይ አባይነህ ገዲሴን ወደ ጎን ጠራት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ አባት ሆኖ ነው ያናገራት። መርዶው በስህተት ነው፣ የሞተችው ስመ ሞክሼ ናት ትያለሽ። ያን ጊዜ እኔ ራሴ የእናትሽ ስም እንዲመለስ አደርጋለሁ። ሌላ ነገር ካልሽ ግን ጉዳዩ የባልና የሚስት ነው ተብሎ ይዘጋል፣ እናትሽም እንደሞተች ትቀራለች። ገዲሴ ራሷን ነቀነቀች። እሺ ማለቷ ነው። ውሸት መሆኑ ጠፍቷት አይደለም፤ እናቷን ማስቀበር ነበር የምትፈልገው።

ሞልቱን አጠገቧ አስቀመጠቻት። አሮጊቷ አማርኛ አትሰማም፤ ስለ እሷ የሚመክሩ ትልልቅ ሰዎች መሆናቸውን ግን ተነግሯት ነጠላዋን አጥባ ለብሳለች።

ክርክሩ በቁማሩ ተጀመረ። አንዱ ቅጣቱ ይክበድ አለ። አንዱ ዳማም ይከልከል፣ ዳማ የካርታ ታላቅ ወንድም ነው አለ። ሌላው ካርታ ከሌለ ጠጅ አይሸጥም፣ ጠጅ ካልተሸጠ ግብር የለም ብሎ ተነሳ። እትዬ ገበያነሽ እጇን አወጣች።

"እኔ ቤት ካርታ ከቆመ ዓመት አለፈው" አለች። "ካርታው አሁን ድንኳን ውስጥ ነው። ድንኳኑን ደግሞ እኔ አልተከልኩም።"

ሰው ሳቀ። አባይነህ እትዬ ገበያነሽ ከአጀንዳው እንዳይወጡ አሳሰበ።

ወደ ሐሰት ለቅሶው ሲዞሩ ሐሳብ ጎረፈ። ከገበሬ ማኅበር ማስረጃ ሳይመጣ ለቅሶ አይቀመጥ አለ አንዱ። ማስረጃው እስኪመጣ ሐዘንተኛው ምን ያድርግ ተባለ። ይታገሥ አለ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ደግሞ ማንኛውም አባል በሕይወት ያሉ ወላጆቹን በዓመት አንድ ጊዜ አምጥቶ ለኮሚቴው ያሳይ አለ፤ ቀልዱን አልነበረም። የእኔ አባት ቦረና ነው ያሉት፣ አሳይቼ እስክመልሳቸው መንገድ ላይ ይሞቱብኛል ሲል ሌላው መለሰለት። ድንኳን ውስጥ ሲጫወቱ ስላደሩት ሰዎች ግን ከእትዬ ገበያነሽ በቀር አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ግማሾቹ እነሱው ነበሩ። ገዲሴ ከፊት ወንበር የተቀመጡትን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ጉልበታቸውን የሳመቻቸው ናቸው።

ከዚያ አባይነህ ወደ ሞልቱ እጁን ዘረጋ። ክርስቶስ በሦስተኛው ቀን ተነሳ ይላሉ፣ እማማ ሞልቱ ግን በሦስተኛ ወራቸው ነው የተነሱት አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሞልቱ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞሮ ሲስቅ አየች። በጎ ነገር የተባለላት መስሏት፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ጥርስ በሌለው አፏ አብራ ሳቀች። ዝቅ ብላም እጅ ነሳች።

ገዲሴ የእናቷን እጅ ከደረቷ ላይ ወስዳ ያዘችው።

"ገዲሴ፣ ተነሽና ተናገሪ" አላት አባይነህ፣ ገና ሳቁ ፊቱ ላይ እያለ። "መርዶው በስህተት ነው፣ አይደለም?"

ተነሳች። ቃሉ በተዘጋው አፍንጫዋ ታፍኖ ነው የወጣው፣ ግን ተሰማ።

"ስህተት አይደለም" አለች። "ባሌ ነው እናቴን የገደላት። ለካርታ ነው። የተጫወታችሁትም እናንተ ናችሁ። እኔ ውስጥ ፊቴን ስነጭ እናንተ ደጅ ትጫወቱ ነበር። ጓድ ሊቀመንበር፣ ጉልበትዎን ስስም ካርታው እጅዎ ላይ ነበር። ሐዘን ላይ ስለሆንኩ ምንም አልመሰለኝም። አሁን ግን አፌን ስታጠብ ነው የከረምኩት።"

ሌላም ልትል ነበር፣ ግን እንባዋ መጣባትና ተቀመጠች።

ወጋየሁ ኮፍያውን ጭኑ ላይ ያገላብጣል። አባይነህ ጉሮሮውን ጠረገና የእህት ገዲሴ ንግግር ስሜታዊ መሆኑን፣ የግለሰብ ስም ማጥፋት ከሸንጎው ዓላማ ውጪ መሆኑን ተናገረ። ወደ ድምፅ እንሂድ አለ። ውሳኔው የቀረበው አንድ ላይ ተጠቅልሎ ነው። በመጠጥ ቤት ካርታም ዳማም ክልክል ነው። የእትዬ ገበያነሽ ጠጅ ቤት ለቁማር መስፋፋት ምክንያት ስለሆነ ለአንድ ወር ይታሸጋል። ለአንድ ወላጅ እድር የሚያለቅሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አባሉ ቢያታልልም ባያታልልም የተለቀሰ ተለቅሷል። ስለ ድንኳኑ ምንም የለበትም። የሚደግፍ እጅ ያውጣ ተባለ።

እጆች ወጡ። ወጋየሁም አወጣ። ጋሽ ሮበሌ መሬት መሬቱን እያየ ቀስ አድርጎ ክንዱን እስከ ጆሮው አደረሰ። ሞልቱ ግራና ቀኟን አየች። ሰው ሁሉ እጁን ሲያነሳ ለጸሎት መሰላት፤ እሷም ያን ቀጭን ክንዷን ከነጠላዋ አውጥታ ከሁሉም በላይ ከፍ አደረገችው።

"በሙሉ ድምፅ" አለ አባይነህ።

ገዲሴ የእናቷን ክንድ ይዛ ቀስ አድርጋ አወረደችውና አስነሳቻት። ሰዎቹ ጉልበታቸውን ሰብስበው መንገድ ለቀቁላቸው። ማንንም ላለመንካት ቀሚሷን ወደ ራሷ ሰብስባ ነው ያለፈችው።

ውጪ ፀሐይ ነበር። ወደ ቤት መንገድ ሲይዙ ሞልቱ በኦሮምኛ ጠየቀቻት።

"ምን ብለው ጨረሱ?"

ገዲሴ ልትደብቃት አሰበች። ከዚያ ተወችው።

"አንቺን መቅበር የገዲሴ ነው አሉ።"

"ድሮስ የማን ነበር?" አለች ሞልቱ።

ወጋየሁ ከኋላ ሮጥ ሮጥ ብሎ ደረሰባቸው። ቁልቁለቱ ላይ አሮጊቷ እንዳትወድቅ ብሎ ሊደግፋት እጁን ዘረጋ። ገዲሴ እናቷን ወደ ሌላው ጎኗ አዞረቻትና መካከል ገባች፤ እጁም እንደተዘረጋ አየር ላይ ቀረ።