ቭላርዲንገን ከምድባችን ወጣ

ውድነሽ ገብረሥላሴ ኳስ አትወድም። ሃያ ሁለት ሰው አንዲት ኳስ ሲያባርር ቆሞ ማየት ምኑ እንደሚያስደስት እስከ ዛሬ አልገባትም። ቢሆንም አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ጠዋት ሆላንድ ውስጥ ካለው የራይስዋይክ ክለብ ሜዳ ዳር ጠፍታ አታውቅም። አንድያ ልጇ ሐምራዊት በሴት ታዳጊዎች ቡድን ውስጥ በግራ መስመር ትጫወታለች።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ውድነሽ በብስክሌት ከቤት ቤት እየዞረች ሽማግሌና አሮጊት ትረዳለች። ታጥባለች፣ ኪኒን ትሰጣለች፣ ያንን እግር ጥብቅ አድርጎ የሚይዘውን የሐኪም ካልሲ ታለብሳለች። ካልሲው ለስሙ ካልሲ ነው እንጂ ከበሬ ቆዳ አይሻልም። በቀን አሥራ አራት እግር ስታለብስ የቀኝ አንጓዋ ያብጣል። ቅዳሜ የእንቅልፍ ቀኗ ሊሆን በተገባ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን በዓመት ሁለት ቅዳሜዎችን ከወር በፊት ጀምሮ ትጠብቃቸው ነበር። አንዱ በመከር፣ አንዱ በጸደይ፣ ራይስዋይክ ከቭላርዲንገን ክለብ ጋር የሚጫወትባቸው። በቭላርዲንገን በኩል የምትጫወተው ሩቲ የወንድሟ የመሳይ ልጅ ነች።

መሳይ በስድስት ዓመት ታናሿ ነው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ሆላንድ ከመጣ በኋላ ጴንጤ ሆነ። እሱን እንደምንም ዋጠችው። አባታቸው አቶ ገብረሥላሴ ሲያርፉ ግን ነገሩ ተበላሸ። ዴን ሃግ ባለው ቤተ ክርስቲያን የአርባ ቀናቸውን ተዝካር ስታዘጋጅ ደወለችለት።

«እትዬ፣ ለሞተ ሰው ጸሎት አይደርስለትም። እዚህ ነገር ውስጥ አልገባም» አላት።

«የአባትህን ተዝካር ከሆነ እንቢ ያልከው፣ እኔም ዳግመኛ ደጅህን አልረግጥም» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ሦስት ዓመት ተዘጋጉ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ የቭላርዲንገን ልጆች ራይስዋይክ መጡ። ውድነሽ ከሜዳው ማዶ ጃንጥላ ይዞ የቆመ ሰው አየች፤ ትከሻው የአባቷ ትከሻ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመቶቹ ልጆች መሐል ሜዳ ላይ ተቃቅፈው ሲዘሉ፣ ትልልቆቹ በየጥጋቸው ቆመው ቀሩ። በዓመቱ ዶፍ ዝናብ ጣለና እህትና ወንድሙ ተጠባባቂ ተጫዋቾች የሚቀመጡበት ከለላ ሥር ተጠጉ።

«ደም ግፊትሽ እንዴት ነው?» አላት፣ ዓይኑን ከሜዳው ሳያነሣ።

«መድኃኒት ጨመሩልኝ።»

በዚህ ተጀመረ። በየጨዋታው ጎን ለጎን መቆም ለመዱ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ እሱ የወደብ ሥራ ያወራሉ። ወሬው ወደ አባታቸው ሲጠጋ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ኳሱ ያዞራሉ፤ ኳሱ ሁልጊዜ አንድ የሚባል ነገር አያጣም። «አየሽ ሩቲን?» ይላል። «እሷስ ደህና ናት፣ የእኔዋ ደከማት» ትላለች። ጨዋታው ሲያልቅ እሱ ልጁን ይዞ በመኪናው፣ እሷም በትራሟ። ቤትህ፣ ቤትሽ የሚባል ነገር አልነበረም።

ባለፈው ክረምት የአዲሱ ዓመት ድልድል በስልክ መጣ። የሴት ልጆች ቡድን ቁጥር ስላነሰ ምድቦቹ እንደ አዲስ ተከፋፍለዋል። ራይስዋይክ ወደ ሰሜን፣ ከካትዋይክና ከአልፈን ጋር ተደለደለ። ቭላርዲንገን ወደ ደቡብ፣ ከስፓይከኒሰ ወዲያ ካሉት ደሴቶች ጋር። ውድነሽ ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አየችው።

ክለቡ ስብሰባ ሲጠራ ሄደች። ጨዋታዎቹን የሚያስተባብረው ሄንክ የሚባል ጡረተኛ ነው። ተራዋ ሲደርስ በሆላንድኛ፣ «ቭላርዲንገን ለምን ወጣ?» አለችው።

«እነሱ እኮ በየዓመቱ ነው የሚያሸንፉን፤ ደስ ሊልሽ ይገባል» ብሎ ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ተወ። «ለፌዴሬሽኑ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ድልድሉን በፖስታ ቁጥርና በቡድን ጥንካሬ ኮምፒውተር ነው የሚያወጣው አሉኝ። የስኬቨኒንገን ክለብም ሄዶብናል። እነሱ ሲመጡ ካንቲኑ መቆሚያ አልነበረውም። አሁን ከአልፈን ማን ይመጣል? ወላጆቹ ልጆቹን አራግፈው ይመለሳሉ።»

ለምን እንደጠየቀች ልትነግረው አሰበች። ግን በየትኛው ቋንቋ፣ ከየቱ ትጀምር? አመስግናው ወጣች።

መስከረም ላይ ጨዋታ ሲጀመር ሄንክ ያለው ደረሰ። ሩቅ ስለሆነ መኪና ያላቸው ወላጆች በተራ እንዲነዱ ተመደበ። መንጃ ፈቃድ የሌላት ውድነሽ የሁሉንም መለያ እንድታጥብ ተስማማች። በየሳምንቱ አሥራ ስድስት ጭቃ የበላ ቲሸርት ሳሎኗ ውስጥ ይሰጣል። ሁለት ልጆች አንድ ሰዓት መኪና ውስጥ መቀመጥ ሰለቸን ብለው አቆሙ። የመከሩ ቅዳሜ መጣ፣ አለፈ። ለመሳይ አልደወለችም፤ ምን ብላ ትደውላለች?

ኅዳር ላይ መለያ ስታጣጥፍ ሐምራዊት ስልኳን እየነካካች፣ «ሩቲ ሰላም ብላሻለች» አለቻት።

«ናፈቀችኝ።»

«ግን እኮ፣ ማማ፣ ናፍቃሽ ከሆነ ሂጂና ጨዋታዋን እያት። እኛ ከሌለንበት አይቻልም ያለሽ አለ? ቲኬት አይጠይቁሽም።»

ውድነሽ እንዲህ ያለ ነገር ይቻላል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ቡድኗ የማይጫወትበት ሜዳ ዳር መቆም የሌላ ሰው ለቅሶ እንደመድረስ መሰላት። ሁለት ሳምንት አንገራገረች። በሦስተኛው ቅዳሜ፣ የሥራ ጓደኛዋ ስለታመመች የጠዋቱን ሥራ እሷ ሸፍና፣ ዘጠኝ እግር ካልሲ አልብሳ ስታበቃ ባቡር ተሳፈረች። ስኪዳም ላይ ወርዳ ሜትሮ ያዘች፤ ከሜትሮው ወርዳ ሃያ ደቂቃ በእግሯ ሄደች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ሜዳው ባዶ ነበር። መሳይ ብቻውን የጎሉን መረብ ይፈታል።

«እትዬ?» አለ። ከሰላምታው በፊት፣ «ሐምራዊት ምን ሆነች?» ብሎ ደነገጠ።

«ደህና ናት። ጨዋታ ልይ ብዬ ነው።»

«ቀረ እኮ። የደሴቶቹ ልጆች ሰባት ብቻ ሆኑና መምጣት አልቻሉም። ዘንድሮ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ሩቲም ወደ ጓደኛዋ ሄደች።»

የሚያዩት ጨዋታ ስለሌለ ሁለቱም መረቡን አዩ። ውድነሽ ግን ሌላ ጭንቀት ነበረባት፤ ከጠዋት ጀምሮ ሽንት ቤት አልገባችም።

«ካንቲኑ ክፍት ነው?»

«ጨዋታ ሲቀር አይከፍቱትም።» ፊቷን አይቶ ገባው። «ቤቱ አምስት ደቂቃ ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ደጅህን አልረግጥም ያለችበት ቤት እንግዲህ እንዲህ ተገባ። ሽማግሌ አልተላከም፣ ይቅርታ አልተባባሉም። የመሳይ ሚስት ፀዳለ በሩን ከፍታ፣ «እትዬ ውድነሽ! ይግቡ፣ ይግቡ!» ስትል፣ ውድነሽ ጫማዋን አውልቃ ቀጥታ መታጠቢያ ቤቱን ጠየቀች።

ስትወጣ ከወጥ ቤቱ የመሳይን ድምፅ ሰማች። «ጾም ላይ ናት፤ ምስሩን ቅቤ እንዳታስነኪው። ድስቱንም ቀይሪው፣ ትናንት ሥጋ የሠራሽበት ነው።»

ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ነቢያት መግባቱን ያስታውሳል ማለት ነው። ሶፋው ላይ አረፍ አለች፤ ምስሩ እስኪደርስ ዓይኗን ብትከድን ሁለት ሰዓት ተኛች።

ስትነቃ ብርድ ልብስ ለብሳለች። መሳይ ከፊት ለፊቷ ተቀምጧል።

«ያን ቀን መጥቼ ነበር» አላት።

«የቱን ቀን?»

«የአባባን ተዝካር። ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ትራም ፌርማታው ላይ ቆሜ ሰው ሲገባ አየሁ። አንቺንም አይቼሻለሁ፤ ውሃ የተሸከሙትን ታስገቢ ነበር። ሦስት ትራም ካለፈኝ በኋላ ተመለስኩ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ገብቼ ካልጸለይኩ፣ ካልበላሁ፣ ፌርማታ ላይ መቆሜ ምን ይጠቅምሻል?»

ልትቆጣው ፈለገች፤ ለቁጣ የሚሆን ጉልበት ግን አጣች። «ይጠቅመኝ ነበር» አለች። ምስሯን በላች። ሲመሽ በመኪናው አደረሳት።

የካቲት ላይ የነሐምራዊት ቡድን ፈረሰ፤ የቀሩት ዘጠኝ ነበሩ። ሦስቱ ወደ ሌላ ክለብ ሄዱ፤ ሐምራዊት ጫማዋን ለጎረቤት ልጅ ሰጥታ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱፐርማርኬት ዕቃ ትደረድራለች። ሄንክ የመጨረሻዎቹን መለያዎች ሊቀበል ቤት ድረስ መጥቶ በር ላይ ቆሞ እንባው መጣ።

ውድነሽ በየወሩ ቭላርዲንገን ትሄዳለች። ከሜዳ ዳሩ ይልቅ ቤቱ ይከብዳል፤ እዚያ ወሬ ሲደርቅ የሚታይ ኳስ የለም። አንዴ የመሳይ ፓስተር ድንገት መጥቶ ሳትጠይቀው እጁን ጭኖ ሊጸልይላት ሲል ካፖርቷን አንሥታ ወጣች። ስድስት ሳምንት ሳትሄድ ቀረች።

አንድ ማክሰኞ የአንዲት አሮጊት እግር ጭኗ ላይ እንዳለ ስልኳ ጮኸ። መሳይ ነው። በዘመናቸው ሁሉ የተደዋወሉት ሰው ሲሞት ብቻ ነበር።

«ማን ሞተ?» አለች ካልሲውን ለቅቃ።

«ማንም። እንዴት ነሽ ብዬ ነው።»

«ሥራ ላይ ነኝ። ማታ እደውልልሃለሁ።»

ማታ ግን እንቅልፍ ጣላት። የደወለችለት በማግስቱ ነው።