የጋሽ ቀጥታ እግር

ጋሽ ቀጥታ መኪና መንዳት ማስተማር ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። መስቀለኛው መንገድ ጋ ሲደርሱ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ዞረን እንመለስ?» ካሉት መልሱ አንድ ነው፤ «ቀጥታ ሂድ።» ከዚያ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ በዳቦ ቤቱ ጀርባ ይኬዳል፣ ሁለት ሦስቴ ተጠማዞ በመጡበት መንገድ ብቅ ይባላል። ዳቦ ጋጋሪው በዚያች መኪና ምልልስ ሰዓት ይቆጥራል ይባላል፤ እኔ አልጨመርኩበትም።

ደንቡ ጠፍቶት እንዳይመስላችሁ። ሰሌዳ ፊት ሲያስረዳ አፍ ያስከፍታል። መዞር የሚከለክል ምልክት አለመኖሩን እይ፤ አስቀድመህ ወደ ግራው ረድፍ ግባ፤ የግራ ፍሬቻ አብራ፤ መብራቱ አረንጓዴ ቢሆንም ከፊት ለሚመጣው መኪናና ዜብራ ላይ ላለው እግረኛ ቅድሚያ ስጥ፤ ከዚያ በዝግታ ዙር። በጠመኔ አሳምሮ ይስለዋል። መኪና ውስጥ ሲገባ ግን እግሩ ሌላ ሰው ይሆናል። የማስተማሪያ መኪና በአስተማሪው በኩልም ፍሬን አለው፤ ተማሪው መሪውን ወደ ግራ መጠምዘዝ ሲጀምር ጋሽ ቀጥታ ፍሬኑን ጥርቅም ያደርገዋል።

ምክንያቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሚስቱ ስታወራው ኖራለቻ። ጋሽ ቀጥታ በወጣትነቱ ለመንጃ ፈቃድ ሲፈተን፣ እዚያው መስቀለኛ ላይ ሲዞር ዜብራውን ረሳው። አንዲት ልጅ በትሪ እንቁላል ይዛ ትሻገር ነበር። ልጅቷ ዘላ ዳነች፤ እንቁላሉ ግን መዝለል አያውቅም። እሱ ፈታኙን መንገድ መሃል ጥሎ ወረደና ጫማዋን በመሀረቡ ጠረገላት። ፈተናውን ወደቀ፣ ሚስት አገኘ።

«ደንግጦ ነው ያገባኝ» ትላለች እስከ ዛሬ። «ድንጋጤው ደግሞ አልለቀቀውም።»

ዛሬም እንቁላል አከፋፋይ ናት። ጠዋት ጠዋት በትንሿ መኪናቸው ሱቅ ለሱቅ የሚያዞራት እሱ ነበር። ዘንድሮ ዓይኑ ላይ ሞራ ወጣና ለቀዶ ጥገና ተቀጠረ፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት መሪ አይነካም። ባለሱቆቹም እንቁላል አንድ ጠዋት ከቀረብን ሌላ አከፋፋይ እንፈልጋለን ብለዋታል። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት መንጃ ፈቃድ ማውጣት የእሷ ዕዳ ሆነ። አስተማሪዋ ማን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም።

ሁለት ጊዜ ወደቀች። ፈታኙ «መስቀለኛው ላይ ዞረሽ ተመለሽ» ሲላት ቀጥታ ሄዳ በዳቦ ቤቱ ጀርባ ወሰደችው። በሁለተኛው ጊዜ፣ «እትዬ፣ እኔ ቁርሴን በልቻለሁ» አላት።

ከቀጠሮው በፊት የቀራት አንድ ፈተና ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በማስተማሪያው መኪና ባሏን አጠገቧ አስቀምጣ ወጣች። ግራ ረድፍ ያዘች፣ ፍሬቻ አበራች፣ መዞር ጀመረች። ጥርቅም።

«አንተ ሰውዬ፣ የሚነዳው ማነው?»

«አንቺ ነሽ።»

«ታዲያ እግርህ ምን አገባው?»

«እኔም አላዘዝኩትም።»

ሦስት ጊዜ እንዲሁ ሆነ። በአራተኛው መኪናዋን ዳር አስያዘች፤ ለሱቅ የያዘችውን አንድ ትሪ እንቁላል ከኋላ ወንበር አንስታ በእሱ በኩል ያለው ፍሬን ላይ አስደገፈችው።

«በል አሁን እርገጥ።»

«እንቁላል ላይ?»

«ሠላሳ ናቸው። ያን ቀን የጨረስክብኝም ሠላሳ ነበሩ።»

ጋሽ ቀጥታ ጉልበቱን ደረቱ ድረስ ሰብስቦ ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ከፊት የሚመጣውን ሚኒባስ አሳለፈች፤ ዜብራው ላይ ከዘራ የያዙ አዛውንት ቀስ ብለው እስኪሻገሩ ጠበቀች፤ ከዚያ ዞረች። ዓይኑን ሲገልጥ አንድም እንቁላል አልተሰነጠቀም።

«አየህ?» አለችው።

«አላየሁም፤ ጨፍኜ ነበር።»

በሳምንቱ ፈተናውን አለፈች።

ከቀዶ ጥገናው ይዛው ስትመለስ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኗል።

«መስቀለኛው ጋ ደረስን?»

«ደርሰናል።»

«ቀጥታ ብንሄድስ?»

«ፍሬቻ አብርቻለሁ።»

እግሩ የመኪናዋን ምንጣፍ ተጫነ፤ በእነሱ መኪና ደግሞ እዚያ ጋ ፍሬን የለም። ቢሆንም መኪናዋ ቆም አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«እግረኛ እያሳለፍኩ ነው። አንዲት ልጅ እንቁላል ይዛ።»

እጁ ሳያውቀው መሀረቡ ወዳለበት ኪስ ገባ።

«ውሸትሽን ነው» አላት።

«እሺ፣ ዳቦ ነው የያዘችው» አለችና መሪውን አዞረች።