ቻርጀሩ ላይ የተለጠፈው ምልክት

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ቻርጅ ላይ የነበረውን ስልክ ስታነሳ ኮረንቲ ነዘራት። እግዜር አተረፋት።

ቻርጀሩን የሸጠልኝ ለማስተማር ጭሮ ከተማ ከተመደብኩ ጀምሮ ከምሳ በኋላ አብሬው የምቅመው ወዳጄ ነው። ሌላ ሱቅ ቢሆን ሶኬት ላይ ሰክቼ አስሞክር ነበር። አብሮህ ለሚቅም ሰው ግን "እስቲ ይሞከር" አይባልም፣ ነውር ነው። ደግሞ ላዩ ላይ ያለውን ዓለም አቀፍ የደህንነት ምልክት በጣቱ እየነካ አሳይቶኛል።

ቻርጀሩ በተሰካ ቁጥር ሬዲዮአችን ይንጫጫ ነበር። እኔ የዋሁ ጣቢያውን ነበር የምራገመው።

ልነግረው ሱቁ ሄድኩ። ያንኑ ምልክት ከጥቅል እየላጠ አዳዲስ ቻርጀሮች ላይ ሲለጥፍ ደረስኩበት።

"አቦ መምህር፣ ምልክት ከሌለው እኮ ሰው አይገዛም" አለኝ፣ እጁን እንኳ ሳያቆም።

"ለኔም እንደዚሁ ለጥፈህ ነው የሸጥክልኝ?"

መለጠፉን ቀጠለ። የራሱ ስልክ አጠገቡ ቻርጅ ላይ ነበር፤ ቻርጀሩ ሌላ ነው፣ ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣው፣ ማታ ቤት ይዞት የሚገባው።

"ታዲያ አንተስ ለምን ከነዚህ አንዱን አልተጠቀምክም?" አልኩት።

"ወላሂ፣ ቤት ውስጥ ልጆች አሉኝ" አለኝ።

እናንተስ፣ ወዳጅ ነው ብላችሁ ሳታስሞክሩ የሰካችሁት ዕቃ ቤታችሁ የለም? ንገሩኝ፤ ግን መጀመሪያ ንቀሉት።