በወረቀቱ ላይ የሌለው ሥራ

ጥያቄው ስልኬ ላይ የመጣው ሐሙስ ጠዋት፣ የምሳውን ሩዝ እያጠብኩ ሳለ ነው። እጄን ጠርጌ አነበብኩት። ከፋላዬ፣ ማለትም በአሠሪ ስም የተያዘው የመኖሪያ ዋስትናዬ፣ ከጅዳዋ ማዳሜ ወደ መካዋ አክስቷ እንዲዛወር የቀረበ ጥያቄ ነበር። ከሥሩ ሁለት ምርጫ አለ፤ «እቀበላለሁ» እና «አልቀበልም»። እስከሚቀጥለው ሐሙስ፣ ከሰዓት አሥር ሰዓት ድረስ ካልመለስኩ ይሰረዛል።

ነገሩን ማዳሜ አስቀድማ ነግራኝ ነበር። አክስቷ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ የሚያነብላቸው ሰው ይፈልጋሉ። «ኩሽና ውስጥ ተደብቀሽ የልጆቼን መጻሕፍት ስታነቢ አይቼሻለሁ» አለችኝ። «ካልፈለግሽ ግን እዚሁ ከእኔ ጋር ቆዪ።»

አላመንኳትም። ክፉ ሴት ሆና አይደለም። ከአገሬ ስወጣ አንድ ደላላ ወረቀት ዘርግቶ «ልብስ ስፌት ነው» አለኝና አውራ ጣቴን ቀለም አስነክሮ አስጫነኝ። ያኔ «ሀ»ን ከ«ለ» አልለይም። ጅዳ ስደርስ የጠበቀኝ የስፌት መኪና ሳይሆን ባለሦስት ፎቅ ቤትና አራት ልጆች ነበሩ። ኋላ ማንበብ የተማርኩት እውቀት ናፍቆኝ አልነበረም፤ ያላነበብኩት ወረቀት ላይ ጣቴ ዳግመኛ እንዳያርፍ ብዬ ነው። አረብኛውን ከማዳሜ ልጆች ደብተር ለቃቀምኩ። አማርኛውን ሸረፊያ ሰፈር ውስጥ አንዲት የአገሬ ሴት ዓርብ ዓርብ አስተማረችኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሳሙና ካርቶን እንኳ ሳላነብ አልጥልም።

ስለዚህ ጥያቄውንም እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የሥራው ዓይነት፦ የቤት ሠራተኛ። ማንበብ የሚል ቃል የለም። ሁለት ጊዜ ፈለግኩ፤ የለም።

በማግስቱ ዓርብ፣ በኒ ማሊክ የሚባለው የጅዳ ሰፈር ወደምትኖር የአገር ቤት ሰፈራችን ልጅ ዘንድ ሄድኩ። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እትዬ ነው የምላት።

«ማንበብ ደግሞ ሥራ ሆነ?» አለች እየሳቀች። «እንግዲያው እኔም በመተኛት ልቀጠር!»

«የምሬን ነው እትዬ። ወረቀቱ የቤት ሠራተኛ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ምን ሊልሽ ኖሯል? ዶክተር?»

«ኢስቲኻራ እየሰገድኩ ነው። እስካሁን ምንም ህልም አላየሁም።»

እኛ ወሎ ከባድ ነገር የገጠመው ሰው ሁለት ረከዓ ይሰግድና አላህ ኸይሩን እንዲመርጥለት ይለምናል። ከዚያ ብዙዎቻችን ህልም እንጠብቃለን፤ ብርሃን ያየ ይሄዳል፣ ጨለማ ያየ ይቀራል። እኔ ግን ምንም ሳላይ ነበር የሚነጋብኝ።

ሳቋን አቆመች። «አንቺ ልጅ፣ ህልሙም ተጽፎ ማኅተም ካልተመታበት አታምኚውም ወላሂ! ሰግዶ መቀመጥን ማን አስተማረሽ? ሰግደሽ ተነሺና ተራመጂ። ኸይር ካልሆነ እሱ ራሱ ይዘጋዋል።»

«ተራምጄ ገደል ብገባስ?»

«ቆመሽስ የት ደረስሽ?»

ተቀየምኳት። ሻይዋን ሳልጨርስ ወጣሁ። ግን ማታውኑ ማዳሜን «መጀመሪያ ልያቸው» አልኳት።

ማክሰኞ ወሰደችኝ። አሮጊቷ መምህርት ግድግዳውን ሁሉ መጽሐፍ በሸፈነው ክፍል ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሰላምታዬን ተቀብለው ሳይጨርሱ ጉልበታቸው ላይ የነበረውን መጽሐፍ ዘረጉልኝ። «አንብቢ» አሉኝ።

የጥንት ሐጃጆች የመንገድ ታሪክ ነበር። ሰባት መስመር ሄድኩ። ስምንተኛው ላይ አንድ የማላውቀው ቃል አገኘሁና ቆምኩ። ማዳሜ በሹክሹክታ «እለፊው፣ ያላ!» አለችኝ። ማለፍ አልቻልኩም።

«ይህን ቃል አላውቀውም» አልኩ።

«ፊደሎቹን ንገሪኝ።»

አንድ በአንድ ነገርኳቸው። «የግመል ኮርቻ ዓይነት ነው» አሉ። «ከአንቺ በፊት ሁለት ሴቶች መጥተው ነበር። እነሱ አልቆሙም። ይህን መጽሐፍ በቃሌ ስለማውቀው የዘለሉትን ሰማሁ።»

ያን ጊዜ ድፍረት መጣልኝ። «ያ ኻላ» አልኳቸው፣ አክስቴ ማለት ነው፤ «ወረቀቱ ላይ ግን ማንበብ አይልም።» የማዳሜ ፊት ተለዋወጠ።

«አይልም» አሉ አሮጊቷ። «ማመልከቻው ላይ ከሚመረጡት ሥራዎች ውስጥ የሰው ዓይን መሆን የሚል የለም። ቤቱን የምታጸዳ ሴት በሳምንት ሁለቴ ትመጣለች። ለዚህ ከአፌ በቀር ማስረጃ የለኝም።» እጃቸውንም ወደ መደርደሪያው ዘረጉ። «እነዚያን ሌሎቹን ደግሞ በቃሌ አላውቃቸውም። እነሱን ስታነቢልኝ እኔም የማምነው አፍሽን ብቻ ነው።»

ሐሙስ ከሰዓት፣ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ የልጆቹን ዩኒፎርም እየተኮስኩ ነበር። ህልም አልመጣም። ማዳሜ በር ላይ ቆማ ሰዓቷን አየች።

«ኸላስ፣ በቃ ወሰንሽ?»

ካውያውን አቁሜ ስልኬን አነሳሁ። ጥያቄውን እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የቤት ሠራተኛ። ደላላው ቀለም ያስነከረው ያው አውራ ጣት «እቀበላለሁ» ከሚለው በላይ ቆመ። ያኔ ሳላውቅ ነው የጫንኩት። አሁን የጎደለውን ቃል አውቃለሁ፤ ማን በአፉ እንደሞላውም አውቃለሁ። «ቢስሚላህ» ብዬ ተጫንኩት። ኔትዎርኩ ዘገየ። ከዚያ «ተቀብለዋል» የሚል መጣ። ደስታ አልተሰማኝም፤ ካውያውን መልሼ አነሳሁ።

ቅዳሜ ሻንጣዬን ይዤ መካ ደረስኩ። በሩን ከፍቼ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳው ላይ የተደገፈ ረጅም መጥረጊያ ነው። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ቆሜ አፈጠጥኩበት።

ከውስጥ የአሮጊቷ ድምፅ መጣ። «የቱ ጋ ነበር ያቆምነው?»

«ስምንተኛው መስመር ላይ፣ ያ ኻላ።»

«ታዲያ በር ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

መጥረጊያውን አልፌ ገባሁ።