ለእበት ጋዝ ያበጀሁት ምድጃ

የእናቴን ዓይን ጭስ ጎድቶት ነበር። ደብረ ታቦር ያያት ሐኪም ከጭስ ካልራቀች ጨርሶ እንደሚጠፋ ቁርጡን ነገረን። አባቴም ከበረቱ አጠገብ የባዮጋዝ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ከእበት በሚወጣው ጋዝ የሚሠራ ምድጃም ተተከለላት። ያ ምድጃ ሲሰበር ግን አባቴ ገበያ ወጥቶ የሚያብረቀርቅ የሲሊንደር ጋዝ ምድጃ ገዛና ከጉድጓዱ ቧንቧ ጋር አገናኘው። ክብሪት ሲጫርለት ነበልባሉ ሚጢጢ ሆኖ ከምድጃው ራስ ላይ ብድግ ይልና ጥፍት ይላል።

አባቴ "ጉድጓዱ ርቦት ነው" አለ። እንደሚታለብ ላም ሊቀልበው ተነሣ፤ እበት በውሃ እየበጠበጠ ጠዋት ማታ ጨመረለት። ጉድጓዱ ጠገበ፣ እሳቱ ግን ያው ነው። እናቴ ወደ ጉልቻዋ ተመለሰች። የወሩ ማኅበር ደግሞ የእኛ ተራ ነበር፤ ያን ሁሉ ወጥ በእንጨት ከሠራች ዓይኗ እንደማይተርፍ አውቄያለሁ። አባቴ ጭራሽ "ማኅበሩ ይለፍ እንጂ ጉድጓዱን በድንጋይ እደፍነዋለሁ" ብሎ ፎከረ።

እኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ የብየዳ ቤት አለኝ። ሴት በያጅ አይታችሁ የማታውቁ ኑና እዩኝ። ፉከራውን ስሰማ ደሜ ፈላ፤ የእጅ መሰርሰሪያዬን ይዤ ወደ ቤት ገሰገስኩ።

"አባባ፣ ጥፋቱ የጉድጓዱ አይደለም፤ የምድጃው ነው" አልኩት።

"ምድጃውማ አዲስ ነው!"

"አዲስ ነው፤ ግን የተሠራው ለሌላ ጋዝ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የሲሊንደር ጋዝ ጉልበተኛ ስለሆነ የመርፌ ቀዳዳ በምታህል መውጫ ወጥቶ፣ ብዙ አየር ይዞ ይነዳል። የእበት ጋዝ ግን ዝግ ብሎ የሚነድ ነው፤ ጥቂቱ በብዙ አየር ከተበረዘ ነበልባሉ መቆሚያ ያጣል። መጀመሪያ የጋዙን መውጫ አሰፋሁት። እሳቱ አደገ፤ በጠባቦቹ ቀዳዳዎች እየተጣደፈ ስለሚወጣ ግን አሁንም ይዘላል። የምድጃውን ራስ ፈታሁና ዙሪያውን ሌላ ቀዳዳ በሳሁበት። አባቴ "በቃ፣ ወንፊት አደረግሽው!" እያለ ከአጠገቤ ይንጎራደዳል። ከዘይት ቆርቆሮ ቀለበት ቆርጬ የአየር መግቢያውን ስሸፍነው እሳቱ ቢጫ ሆኖ ድስቱን አጠቆረው። ትንሽ ገለጥ አደረግኩለት። ነበልባሉ ረጋ፣ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ አለ። ብቻዬን ጮኼ አጨበጨብኩ። ምን አሳፈረኝ?

የማኅበሩ ዕለት እናቴ ዓይኗን አንዴም ሳትጠርግ ስታማስል ዋለች። እንግዶቹ ቤቱን እንደሞሉ የንስሐ አባታችን "ዛሬ ጭስ አልሸተተኝም፤ ወጡ በምን በሰለ?" ብለው ጠየቁ። በእኛ አገር ወንድ፣ ያውም ቄስ፣ ማድቤት አይገባም። አባቴ ግን "አባ፣ ይነሡና ይዩት" አላቸው። መስቀላቸውን እንደያዙ ጎንበስ ብለው ገቡ፤ ማኅበርተኛውም ተከትሏቸው ገባ።

እሳቱን አተኩረው አይተው "ይህን ማን ሠራው?" አሉ።

አባቴ ሊመልስ አፉን ሲከፍት እናቴ ቀደመችው። ብየዳ የጀመርኩ ሰሞን እንግዳ በመጣ ቁጥር "ሰው ምን ይላል" እያለች እጄን በነጠላ ትሸፍንብኝ ነበር። ያን ቀን በሰው ሁሉ ፊት፣ ጠባሳ የሞላውን እጄን ይዛ ከፍ አደረገችና፣

"ይቺ እጅ ናት" አለቻቸው።